የምናሴ ዝውውር

ኦስትዊክ የመጨረሻ ተጫዋቹን ያጣው በ2054 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። በረኛ ነበር፤ ሃያ አንድ ዓመቱ፣ ጆሮው ትልልቅ፣ እዚያው እንግሊዝ አገር የክለቡ ሰፈር ውስጥ የተወለደ ልጅ። በገንዘብ ተጫዋች የሚሰበስበው የበረሃው ሊግ ሰዎች አውሮፕላን ልከው ከልምምድ ሜዳ ላይ አንስተው ወሰዱት። ጓንቱን እንኳ አላወለቀም አሉ። እኔ በዚያች ሰዓት ኮምቦልቻ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ የሰው ሱሪ እያሳጠርኩ ነበር። ዜናውን ስሰማ እጄ ከዳኝና አንዱን እግር ከሌላው በአራት ጣት አሳጥሬ ቆረጥኩት። ባለሱሪውም የኦስትዊክ ደጋፊ ስለነበር እንደዚያው ለብሶት ወጣ።

አወል እባላለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። እንግሊዝ አገርን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፣ የማየትም ሐሳብ የለኝም። ግን ከአሥራ ስምንት ዓመቴ ጀምሮ የኦስትዊክ ነኝ። እንዴት ሆንክ ለሚለኝ መልሼ እጠይቀዋለሁ። ሰው ለምን የእናቱ ልጅ እንደሆነ ይጠየቃል እንዴ?

ተጫዋቾቹ የሄዱት በአንድ ጊዜ አልነበረም። መጀመሪያ ኮከቦቹ ሄዱ፤ «ይሂዱ፣ ውሻ በበላበት ይጮኻል» አልን። ቀጥሎ ተቀያሪዎቹ ሄዱ። ቀጥሎ አሠልጣኞቹ፣ ወጌሻዎቹ፣ ከዚያም ገና ድምፃቸው ያልጎረነነ የታዳጊ ቡድን ልጆች በአውቶቡስ ተጭነው ሄዱ። ስፔን እንደዚያው፣ ጣሊያን እንደዚያው፣ ጀርመንም እንደዚያው። አንድ ማለዳ ስንነቃ ከፖርቱጋል እስከ ፖላንድ ኳስ የሚመታ እግር አልነበረም።

ሊጉ ግን አልተዘጋም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሜዳው ይታጨዳል፣ መስመሩ ይሰመራል፣ ዳኛው ኳሷን መሃል ላይ አስቀምጦ ፊሽካውን ይነፋና ወደ ዳር ይወጣል። የቀረው የነፋሱ ሥራ ነው። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ኳሷ ባዶ ሣር ላይ ወዲህ ወዲያ ትላለች። እዚያ ያሉት ደጋፊዎች ካፖርታቸውን ለብሰው ቆመው ያያሉ። እኛም ቦርከና ወንዝ ዳር ካለችው ኳስ ማሳያ ቤት አግዳሚ ላይ ተደርድረን እናያለን። ባዶ ለባዶ የሚያልቀው ይበዛል። በአራት ዓመት ውስጥ ኦስትዊክ ሰባት ግብ አስቆጥሯል፤ ሰባቱንም አንድ በአንድ ልነግራችሁ እችላለሁ።

አንዳንድ ቅዳሜ እዚያ ጉም ይወርዳል። ኳሷም፣ ሣሩም፣ ግቡም ይጠፋና ስክሪኑ ነጭ ይሆናል። እንዲያም ሆኖ ከአግዳሚው የሚነሳ ሰው የለም። ሁላችንም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነጩን እናያለን። እኔ ጉሙ ውስጥ የድሮ ልጆቻችንን አያቸዋለሁ፤ ያ ግራኙ አጥቂያችን ማሊያውን ከሱሪው አውጥቶ በመስመር ሲሮጥ፣ ያ ረጅሙ ተከላካይ እጁን አንስቶ ሲጣራ። ድምፅ የላቸውም። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ሲነፋ ይበተናሉ፤ እኛም ተነስተን ወደየቤታችን እንሄዳለን። ሰው ሲስቅብኝ አይገርመኝም። እኔም ከውጭ ሆኜ ባየው እስቅ ነበር።

በግራዬ በኩል የሚቀመጠው ምናሴ ነው። አርባ ዓመት እዚያው ነው የተቀመጠው። የጨርቃጨርቅ ፋብሪካው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ባለቤቱ ረድኤት ከሞተች ስድስት ዓመት ሆናት። ሌላው ነገሩ ሁሉ ደህና ነው፤ አንድ ጉድለት አለበት፣ የብራምሌ ደጋፊ ነው። ብራምሌ ማለት ከኦስትዊክ በአንድ ወንዝ የሚለያይ፣ ድንበራችንን የሚጋፋ፣ ስሙን ስጠራ አፌን የሚመረኝ ቡድን ነው።

«የእናንተ ሜዳ ተዳፋት ነው» ይለኛል። «ኳሷን ያገባው ነፋሱ አይደለም፣ ቁልቁለቱ ነው።»

«የእናንተ ሜዳ ላይ ደግሞ ነፋሱም አይገባ» እለዋለሁ። «ንቋችሁ ነው።»

«ነፋሱም ከእናንተ ጋር የሚጫወተው ሌላ ሥራ ስላጣ ነው።»

ብሽሽቃችን ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው። ሰኞ ጠዋት ሱቄ ደጃፍ ላይ ሳል ከሰማሁ ምናሴ የሚለው ነገር አግኝቷል ማለት ነው። ሚስት ሲያገባ ሚዜው እኔ ነበርኩ። ከሱፌ ስር የኦስትዊክን ማሊያ ለብሼ ሄድኩና ፎቶ አንሺው «አንድ፣ ሁለት» ሲል ኮቴን ገለጥኩት። ፎቶው ዛሬም ሳሎኑ ውስጥ ተሰቅሏል። ረድኤት፣ ነፍሷን ይማር፣ «አውርደው» ብትለው «ይኼን ከሃዲ ልጆቼ ይዩት» ብሎ እምቢ አላት።

የበረሃው ሊግ ጨዋታ ያምራል። ውሸት አልናገርም፣ አይቻለሁ። ጣሪያው እንደ ሰማይ የራቀ፣ ውስጡ እንደ ደሴ ሰኔ የቀዘቀዘ ስታዲየም ውስጥ የዓለም ምርጥ ሃያ ሁለት ሰዎች ይጫወታሉ፣ ኳሷ ከመስመር አትወጣም፣ ማንም አይሳሳትም። ግብ ሲገባ ግን ከልቡ የሚጮኽ የለም። መቀመጫዎቹ ላይ ያሉት ሰዎች ቅጥረኞች ናቸው፤ መብራት ሲበራላቸው ይነሳሉ፣ ሲጠፋ ይቀመጣሉ። የሊጉ ባለቤቶችም ይህን አይተውታል። ተጫዋቹን ወስደው ሲጨርሱ የቀራቸው ደጋፊው ነበር። ባለፈው መስከረም የደጋፊ የዝውውር መስኮት ተከፈተ።

ኮምቦልቻም ቢሮ ከፈቱ፤ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ። «ፍቅርዎን ያዛውሩ» ይላል ማስታወቂያው። ሰው ሲገባ እናያለን፤ ሻይ ጠጥቶ ለመውጣት በማይበቃ ጊዜ አረንጓዴ ቦርሳ አንጠልጥሎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ በኳስ ማሳያው ደጃፍ ሲያልፍ አንገቱን አያዞርም። ሰላም ይላል፣ የቤተሰብ ይጠይቃል፣ ያልፋል። አንዳንዶቹ የድሮ ማሊያቸውን ለመኪና መወልወያ እንድቆርጥላቸው ያመጡልኛል። ሥራ ነው፣ ጥርሴን ነክሼ እቆርጣለሁ።

አንድ ማክሰኞ ምናሴ ሱቄ ገባ። ሳል አልሰማሁም። አዲስ ሱሪ ይዟል።

«አሳጥርልኝ» አለኝ። «ጫማዬ እንዲታይ አድርገህ።»

«ምን ጫማ አለህና ነው?»

«ገዛሁ።» ቁጭ አለና እኔን ትቶ የስፌት መኪናውን ማየት ጀመረ። «አወል፣ ልዛወር ነው።»

መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ። ፊቱን ሳየው ቀልድ አይደለም። መቀሱን አስቀመጥኩ።

ልጁን ሜላትን ታውቋት ይሆናል። እንደ ብዙዎቹ የዚህ አገር ሴቶች ልጆች ሥራ ፍለጋ ወደ በረሃው ከተማ ከሄደች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እዚያው አገባች፣ እዚያው ወለደች። እሷ እንዳትመጣ ከወጣች መመለሻ አይሰጧትም፤ እሱ እንዳይሄድ በር የለውም። የተዛወረ ደጋፊ ግን መኖሪያ ይሰጠዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ስታዲየም ገብቶ ከልቡ መጮህ ነው የሚጠበቅበት።

«የልጅ ልጄ ስድስት ዓመት ሞላት» አለኝ። «ባለፈው ሜላትን "አያቴ እግር አለው?" ብላ ጠየቀቻት። በስክሪን የምታየኝ እስከ ደረቴ ነዋ።»

ሜትሬን አንስቼ ሱሪውን ለካሁ።

«መቼ ነው?» አልኩት በመጨረሻ።

«እሱ ላይ ነው ችግሩ። ትናንት ሄጄ ተለካሁ። አልሞላም።»

«ምኑ?»

«ፍቅሬ።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «ድሮስ ብራምሌን ማን ከልቡ ይወዳል?»

«ስማኝ እንጂ። ግቦቻችንን አሳዩኝ፣ መዝሙራችንን አሰሙኝ። የመለኪያው መርፌ ንቅንቅ አላለም። የምትለካኝ ልጅ ግራ ገባት። "ጋሼ፣ ጨዋታ የሚያዩት ከማን ጋር ነው?" አለችኝ። ስምህን ጠርቼ ሳልጨርስ መርፌው ዘለለ።» ላቡን ጠረገ። «ነገ ይዘዋቸው ይምጡ አለች። አጠገቤ ቁጭ ብለህ እንደወትሮህ እንድትሰድበኝ ነው የምትፈልገው። መስኮቱ ነገ ማታ ይዘጋል።»

ተናደድኩ። አልዋሽም፣ በጣም ነው የተናደድኩት። እኔው ራሴ ሄጄ ጓደኛዬን ፈትቼ ላስረክብ? «አላደርገውም» አልኩት። እሱም «እሺ» አለ። ይኼ እሺው ነው የገደለኝ። ለምኖኝ ቢሆን ጸንቼ እቀር ነበር።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ሁለታችንም ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ተቀመጥን። ክፍሉ ነጭ ነው፤ ሁለት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ አንድ መርፌ ያለው ትልቅ ክብ ነገር፣ በጎን አንድ የተዘጋ በር። መስኮቱ በዋናው መንገድ ላይ ያያል፤ ባጃጆች ያለ ድምፅ ይመላለሳሉ። የዝውውር ወኪሏ ናርዶስ ትባላለች፤ ትሑት፣ ድምፀ ለስላሳ፣ የባቲ ልጅ። ከምናሴ ጆሮ ኋላ ሳንቲም የምታክል ብረት ለጠፈችለት።

«ትዝታው ይጠፋበታል?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ኧረ የለም፣ ጋሼ። አንድም ነገር አይረሱም። ሙቀቱን ብቻ ነው የምናዛውረው።»

«ሙቀቱ የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ?»

ትንሽ አሰበች። «መሣሪያው ስም አይጽፍም» አለችኝ። «ልኩን ብቻ ነው የሚያሳየው። ይጀምሩ።»

ጀመርኩ። ግን ተንኮሌን ይዤ ነው የሄድኩት። «ብራምሌ እንግዲህ ዘንድሮም ያው ነው» አልኩ። «ብዙም አልሆነለትም።» መርፌው ቀና ብሎ ተመልሶ ተኛ። «ተከላካዩም ድሮ ድሮ ደካማ ነበር» አልኩ፣ እንደ ዜና አንባቢ። ናርዶስ ሰዓቷን አየች። ሌላ ሁለት ሦስት ውኃ ውኃ የሚል ነገር ተናገርኩ። ይኼኔ አልሞላም ትለዋለች፣ የዝውውሩ መስኮት ይዘጋል፣ ቅዳሜ በግራዬ ይቀመጣል ብዬ አስልቻለሁ።

ምናሴ ገብቶታል። አርባ ዓመት ያወቀኝ ሰው እንዴት አይገባው። አልተቆጣኝም፣ አላየኝምም። ዓይኑን ወደ መሬት አድርጎ እግሮቹን አንዴ ገጠማቸው፣ አንዴ ደግሞ ለየት አደረጋቸው። ቡናማ ጫማው ገና አልታጠፈም። እኔ ራሴ ባሳጠርኩት ሱሪ ስር ጥርት ብሎ ይታያል። ያን ሳይ ጫማው ለምን እንደተገዛ ገባኝ። አንዲት ሕፃን እግሩን እንድታይ ብሎ ነው። እኔ ደግሞ የአግዳሚ ቦታ እንዳይጎድልብኝ ብዬ ነው። አፈርኩ።

«ምናሴ» አልኩት።

«አቤት።»

«የሠርግህን ፎቶ ይዘኸው ነው የምትሄደው?»

ቀና አለ። «ይዤው ነዋ።»

«እንግዲያው እዚያም ሰቅለህ ለበረሃ ሰው ታሳየኛለሃ። "ሙሽራው የትኛው ነው?" ብለው ሲጠይቁህ ምን ልትል ነው? ያ ኮቱን የገለጠው ቆንጆው ነው በላቸው።»

«አንተ ቅሌታም» አለ። መርፌው ተነሳ።

«ብራምሌ ነፋስ በሌለበት ቀን የተሸነፈ ብቸኛው ቡድን መሆኑንም ንገራቸው።»

«አሞራ ነው ኳሷን የገፋት! አሞራ ነው፣ ዓለም አይቶታል!»

«አሞራውም የእኛ ነበር። በነፃ ነው ያዛወርነው።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቆመኛል። የአርባ ዓመቱን ሁሉ አወጣሁት፤ ተወራርዶ ተሸንፎ በገበያ ቀን በእኛ ማሊያ ሙሉ ገበያውን የዞረበትን፣ የሜላት ክርስትና ላይ ቄሱ ፊት በግብ የተጨቃጨቅንበትን። እሱም አልተኛልኝም፤ መልሶ መልሶ ሰጠኝ። ናርዶስ አፏን በእጇ ከድና ግድግዳውን ታያለች። ክፍሉ ውስጥ የሁለት ሽማግሌ ሳቅ ብቻ ነበር፤ መንገዱም፣ ባጃጆቹም፣ ከተማው ሁሉ በሕልም እንደሚታይ አገር ወደ ሩቅ ሄደብኝ።

መርፌው ጫፍ ሊደርስ ሁለት ጣት ሲቀረው ቆመ። ምን እንደቀረ አውቄያለሁ።

«ረድኤት በሞተች በሦስተኛው ቀን» አልኩት ቀስ ብዬ፣ «ድንኳን ውስጥ ሰው ሁሉ ያጽናህ ሲልህ፣ እኔ ወደ ጆሮህ ጠጋ ብዬ ምን አልኩህ?»

ምናሴ ፊቱ ተለዋወጠ። «"ብራምሌ አራት ለባዶ ተቀጠቀጠ" አልከኝ፣ አንተ አረመኔ።»

«አንተስ ምን ሆንክ?»

«ሳቅሁ። ለቀስተኛው ሁሉ እያየኝ።» ጫማውን አየ። «ከዚያ ነው ያለቀስኩት። ሦስት ቀን እንባ እምቢ ብሎኝ ነበር፣ አወል። አንተ ነህ ያስለቀስከኝ።»

እጄን ይዞ ነበር። መቼ እንደያዘኝ አላውቅም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ሁለታችንንም አልገደደንም።

«ሞልቷል» አለች ናርዶስ። እሷም አፍንጫዋን ጠረገች። ቀስ አድርጋ እጁን ከእጄ አላቀቀችና በጎን ባለው በር አስገባችው። በሩ መስታወት ነው፤ በስተጀርባው ጥላው ሲቀመጥ አየሁ። ጥላው አልተንቀሳቀሰም፣ ምንም ድምፅ አልነበረም። እኔ መርፌውን አያለሁ። ከጫፍ ጀመረና ቀስ እያለ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ እንደምትወርደው፣ ወረደ ወረደና ከታች ተኛ።

ምናሴ አረንጓዴ ቦርሳ ይዞ ወጣ።

«አወል፣ እስካሁን እዚህ ነህ እንዴ?» አለኝ። «በጣም ነው የማመሰግነው። ብዙ ደከምክልኝ።»

ደረጃው ላይ ለሜላት ደወለ። «መጣሁ እኮ ልጄ፣ ዓርብ ነው» ሲላት እሷ ከዚያኛው ጫፍ ስትጮኽ ከሩቅ ተሰማኝ። ደስ አለኝ። ወላሂ ደስ ብሎኛል፣ ለሱ የሆነውን ለጠላቴም እመኛለሁ። ስልኩን ዘግቶ ዓይኑን እስኪጠርግ ጠበቅሁትና ጎን ለጎን በዋናው መንገድ ቁልቁል ሄድን። ስለ ጉዞው አጫወተኝ። ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፤ ስለ ባለቤቴ ስለ ዘሀራ ጠየቀኝ። ሁሉንም በሥርዓት ጠየቀኝ።

ቦርከና ድልድይ ጋ ስንደርስ አላስቻለኝም።

«ቅዳሜ ደርቢ ነው» አልኩት። «ነፋሱ በእኛ በኩል ነው ተብሏል። ለቅመን ነው የምንበላችሁ።»

ቆም ብሎ አሰበ። ሰውን ላለማስቀየም እንደሚጠነቀቅ ሰው ነው ያሰበው።

«ታሸንፉ ይሆናል» አለኝ። «ኦስትዊክ ጥሩ ቡድን ነው።»

ፊቱን ፈለግሁት፣ ተንኮል ባገኝበት ብዬ። የለም። አርባ ዓመት ሙሉ ይህችን ቃል ከአፉ ለማውጣት አስክሬዋለሁ፣ አስምዬዋለሁ፣ ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እንኳ «በላት እንጂ ይሻልሃል» ብዬዋለሁ። የድልድዩን ብረት ያዝኩ።

አንድ የቀረኝ ነገር ነበር፤ እሱን ሰምቶ ዝም የሚል የብራምሌ ሰው በዚህ ምድር ላይ የለም።

«ብራምሌም» አልኩት፣ «ጥሩ ቡድን ነው።»

እንዲጮኽብኝ ጠበቅሁ። «ታሾፍብኛለህ?» ብሎ ኮሌታዬን እንዲይዘኝ፣ አላፊ አግዳሚው እስኪሰበሰብ እንዲሰድበኝ ጠበቅሁ።

«አዎ፣ እንደዚያ ሲሉ እሰማለሁ» አለኝ።